ቀለሙ የተቀላቀለ ካዲላክ

እንቅልፍ እንደሆነ አልመጣም፣ አይመጣምም። ሌሊት የሚሠራ ሰው ቀን ሲተኛ ፀሐይ ታሳድደዋለች፤ ሳልቩ መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ በሚስማር ቸንክሮታል፣ ብርሃን ግን እንደ ውሃ ነው፣ መግቢያ አያጣም፣ ይኸው በጠርዙ ሾልኮ ግድግዳው ላይ አንድ ቀጭን መስመር አስምሯል፣ እሱም በጀርባው ተጋድሞ መስመሩን እያየ የሚያስበው ስለ ስልኩ ነው። ስልኩ ከራስጌው በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ዝምተኛ፣ ኑዛዜ ለመቀበል የሚጠብቅ ካህን ይመስላል። ውጭ የበረዶ መጥረጊያው መኪና አስፋልቱን እየፋቀ፣ ጨው እየበተነ ያልፋል። እኩለ ቀን ላይ እንደውልልዎታለን ብላዋለች የስልክ ቤቷ ልጅ። ወደ ማልታ እንዲሁ ተነስቶ አይደወልም፤ ቀድመህ ታስመዘግባለህ፣ ከማን ጋር መነጋገር እንደምትፈልግ ትናገራለህ፣ ከዚያ መጠበቅ ነው፣ መስመር ሲገኝ እሷው ትደውልና ወዲያ ማዶ ላለው ሰው «እገሌ ይፈልግዎታል» ብላ ስም ትጠራለች። ስም ትጠራለች። እዚህ ላይ ሲደርስ ጎኑን ይቀይራል። ዲትሮይት እኩለ ቀን ሲሆን የተወለደበት ሲጂዊ መንደር ይመሻል፣ የመቁጠሪያው ጸሎት ያበቃል፣ እናቱ ካታሪን ትራስ ተደግፋ ትቀመጣለች፣ ታላቅ ወንድሙ ቼንሱ ሽቦውን ጎትቶ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያደርግላታል፣ ምናልባት ለመጨረሻ ጊዜ። ሳልቩ የሚፈልገው ብዙ አይደለም። ስሙን ከአፏ መስማት ነው። አንዴ ብቻ፣ ሳልቩ ስትል።

ትናንት የደወለው ቼንሱ ነበር፣ ድምፁ በባሕሩ ውስጥ አልፎ የመጣ ይመስል እርጥብ ነበር።

«ሐኪሙ ሳምንት አይሞላትም ብሏል» አለ።

«ቲኬት ቆርጫለሁ። ቅዳሜ እደርሳለሁ።»

«እሱን ነው የምልህ። ከመምጣትህ በፊት አንድ ነገር እወቅ። እማ ሳልቩ ነው የምትለኝ።»

«ምን አልክ?»

«ሳልቩ ትለኛለች። ከገና ወዲህ ነው። ጉንጬን ይዛ፣ ‘ሳልቩዬ፣ መጣህልኝ’ ብላ ታለቅሳለች። መጀመሪያ ላይ አርሜያት ነበር፣ እኔ ቼንሱ ነኝ እማ አልኳት። ሳልቩስ? አለች። አሜሪካ ነው አልኳት። አንተ ገና ዛሬ የሄድክ ይመስል እንደ አዲስ ጮኸች። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ከዚያ ተውኩት።»

«ታዲያ ቼንሱ የት ሄደ ትላለች?»

«አሜሪካ።»

ሽቦው ያንሾካሹካል፣ ቼንሱ አሳለና «ሳልቩ ነኝ እንዳትላት፣ እለምንሃለሁ» አለ። «ያን ጩኸት ዳግመኛ መስማት አልችልም።»

«ቅዳሜ ስመጣስ?»

«እኔ እንጃ። ማን ሆነህ እንደምትመጣ አንተው አስብበት።»

ማን ሆነህ። ሳልቩ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ፋብሪካው ውስጥ መጥረጊያና ዘይት ይዞ ሲያስብበት አደረ፣ አሁንም እያሰበ ነው፣ ይኼ ነገር የመጣው ደግሞ ከቅጽል ስሙ እንደሆነ እርግጠኛ ነው። ሲጂዊ ውስጥ ሰው በቤተሰቡ ስም አይታወቅም። በቤተሰብ ስም ከሄድክ ግማሹ መንደር ቦርጅ ነው፣ የቀረው ቬላ ነው፣ ፖስታ አዳዩ ጨርቁን ጥሎ ያብዳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ቅጽል አለው፣ ቅጽሉንም እንደ ርስት ይወርሱታል እንጂ አይመርጡትም። አያቱ የጎረቤት ፍየል ደወል ሰርቆ የተያዘ ቤተሰብ እስከ ዛሬ «ደወሎቹ» ነው የሚባለው፣ የልጅ ልጁ ዳኛ ሆኖ እንኳ «ደወል ፈረደበት» ይባላል። የነሳልቩ ቤት «ሽንኩርቶቹ» ነበር። ሳልቩ ከዲትሮይት በጻፈው በመጀመሪያው ደብዳቤ ውስጥ ከመጽሔት የቀደዳትን አንዲት ገጽ ላከ፣ እኔ የምሠራው መኪና ይኼ ነው ብሎ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ የረዘመ፣ ኋላው እንደ አውሮፕላን ጅራት ሽቅብ የሾለ፣ ሰማያዊ ካዲላክ። እናቱ ገጿን ከቅዱስ ኒኮላ ሥዕል አጠገብ ሰቀለቻት፣ ጎረቤት ሊያይ መጣ፣ የጎረቤት ጎረቤት መጣ፣ ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ሽንኩርቱ ቀረና ቤቱ «ካዲላኮቹ» ሆነ። ሳልቩ ግን በመንደሩ የለም፣ ቅጽል ደግሞ የሚለጠፍበት ሰው ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቼንሱ ላይ ተለጠፈ፤ ድንጋይ የሚፈልጠው ቼንሱ፣ አቧራ ለብሶ በብስክሌት የሚመላለሰው ቼንሱ፣ ካዲላክ በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ቼንሱ «ካዲላክ» ሆነ። «ካዲላክ! ጎማህ ተንፍሷል!» ይሉታል ከቡና ቤቱ ደጃፍ። «ካዲላክ፣ ዛሬ ሹፌርህን የት ጣልከው?» ቼንሱም ይስቃል። ምን ያድርግ። ይህን ሁሉ ዓመት በመስኮቷ ሥር «ካዲላክ መጣ፣ ካዲላክ ገባ» ሲባል የምትሰማ አሮጊት፣ ሐሳቧ የሳሳ ቀን፣ ካዲላክ ማነው? ብላ ራሷን ብትጠይቅ፣ ሳልቩዬ ነዋ፣ ትላለች። ማንም ቢሆን እንደዚያ ነው የሚያስበው። ስሌቱ ልክ ነው።

እማ፣ ላስረዳሽ፣ ይላታል በልቡ፤ ሁልጊዜ ያስረዳታል፣ አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ጸጉሩን ሲስተካከል፣ የሾርባ ቆርቆሮ ሲከፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት ተውሶ ያነበበውን ሁሉ ለሷ ነው የሚተርከው። ካዲላክ የሚባለው ሰውዬ ራሱ እኮ ካዲላክ አልነበረም። ፈረንሳይ አገር ሲወለድ ሎሜ የሚባል ተራ ሰው ነበር፣ ባሕሩን ሲሻገር የድሮ ስሙን ውሃ ውስጥ ጣለና ጌታ ካዲላክ ነኝ ብሎ ወረደ፣ ከወዲህ ማዶ ማን ያውቀዋል፣ ማን ይጠይቀዋል፣ የመኳንንት ዘር ምልክት የሚሆን ጋሻም ለራሱ አበጀ፣ የዚያ አገር ጎረቤቱን ጋሻ አይቶ ነው ይላሉ። ይቺን ከተማ ወንዙ ዳር የቆረቆራት እሱ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ መኪና ሠሪዎቹ የከተማዋን አባት እናክብር ብለው ስሙን ወሰዱ፣ ጋሻውንም ወሰዱ፣ እና እማ፣ ለስንት ዓመት ያችን ጋሻ ከመኪናው አፍንጫ ላይ የምገጥማት እኔ ነበርኩ፣ ጋሻዋ ላይ ትንንሽ ጥቁር ወፎች አሉ፣ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ሳያቸው እግር የላቸውም። ከጎኔ ለሚሠራው ለኦቲስ ነገርኩት፣ ኦቲስ የአላባማ ሰው ነው፣ ሲስቅ ጣሪያው ይሰነጠቃል።

«ኦቲስ፣ ዳክዬዎቹ እግር የላቸውም።»

«እግር ምን ያደርግላቸዋል? ካዲላክ ላይ ተቀምጠው!»

ሳቅሁ እማ፣ ያን ቀን በጣም ሳቅሁ። ኋላ መጽሐፉን ሳነብ እንደነዚህ ያሉትን ወፎች የድሮ ሰዎች ሆን ብለው ነው እግር የሚነሷቸው፤ የትም የማያርፉ ናቸው ማለት ነው፣ ርስት የሌለው፣ ከቤቱ የወጣ ታናሽ ልጅ ምልክት ናቸው ይላል። መጽሐፉን ዘጋሁት። ታናሹ እኔ አይደለሁ እንዴ።

ኦቲስ ያኔ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ እንዲህ አለው፣ ሳልቩ የሚለው ስም ለአፉ ስለማይመቸው ሳል ነበር የሚለው። «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በበቅሎ ጋሪ ነው የኖረው፣ ሳል። የሞተ ዕለት ግን በካዲላክ ሄደ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ መንደሩ ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀለት። ሁሉም ሰው አንድ ቀን ካዲላክ ይሳፈራል። ክፋቱ ተኝቶ መሆኑ ነው፣ ማን እንዳየህ አታይም።» የዚህ መኪና ዝናው እንዲህ ነው፤ ሐኪሙ ይነዳዋል፣ ዘፋኙ ይነዳዋል፣ ሰባኪው ይነዳዋል፣ ቤት የሌለው ሰው እንኳ ተበድሮ ይገዛዋል፣ ምክንያቱም ቤትህን መንገደኛ አያይልህም፣ ካዲላክህን ግን አገር ያያል፣ ለቀብር የሚሄደውም እሱ ነው፣ ለሠርግ የሚሄደውም እሱ ነው። ኦቲስ አለው፣ አረንጓዴ፣ አሮጌ፣ እሑድ እሑድ ያጥበዋል። ሳልቩ የለውም። ሳልቩ አውቶቡስ ነው የሚሳፈረው። እናቱ ግን አንድ ቀን አለህ ወይ ብላ አልጠየቀችውም፣ እሱም አንድ ቀን አለኝ አላላትም፣ ሥዕሉ ተሰቅሎ ሳለ ምን ጥያቄ ያስፈልጋል።

የበረዶ መጥረጊያው ተመልሶ መጣ። የብርሃኑ መስመር ከበሩ ወደ ቁም ሣጥኑ ተሻግሯል። ስልኩ ዝም። አባቱ የሞተ ጊዜ ስልክ አልነበረም፣ ቴሌግራም ነበር፣ ሰማያዊ ወረቀት፣ አዲሱ ሞዴል የሚወጣበት ሰሞን ስለነበር ሳልቩ ለመቃብሩ እብነ በረድ የሚሆን ገንዘብ ላከ እንጂ አልሄደም። ሳልሄድ ቀረሁ እማ፣ ይላታል፣ እሷ ግን እዚህ ክፍል ውስጥ የለችም። እነ ቼንሱ ቤት ስልክ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ሰው ካልሞተ የሚሻሻል ነገር የለም። ድሮ መኪና የሚነሳው ከፊት ለፊቱ የብረት እጀታ አስገብተህ በጉልበት ስታዞረው ነው፤ እዚሁ ቤል አይል ደሴት ድልድይ ላይ የአንዲት ሴት መኪና ቆሞባት አንድ መንገደኛ ሊያግዛት ወረደ፣ እጀታውን ሲያዞር ተመልሶ መንጋጋውን መታው፣ በዚያው ጠንቅ ሞተ ይባላል፤ ሰውዬው የካዲላኩ አለቃ ወዳጅ ነበር፣ አለቃውም ከእንግዲህ መኪናዬ ሰው አይገድልም ብሎ በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሞተር አስወጣ። ወዳጁን ግን አላስነሳበትም። ሳልቩ በበጋ ድልድዩ ላይ ቆሞ ውሃውን ያያል፣ ውሃው ወደ ሲጂዊ አይሄድም፣ ወደ ሌላ ሐይቅ ነው የሚሄደው፣ ያውቃል፣ ግን ያያል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ እማ። ያኔ የእንግሊዝ ሀብታሞች አሜሪካ መኪና መሥራት ይችላል ብለው አያምኑም፤ መኪና ማለት አንድ ባለሙያ ብረቱን በሞረድ እየሳለ፣ እየለካ፣ ይኼን ከዚያ ጋር እያላመደ የሚሠራው ነው፣ የአንዱ ብረት ለሌላው አይሆንም፣ እንደ ጥርስ። የካዲላኩ አለቃ ግን የጠመንጃ ፋብሪካ ልጅ ነው ማለት ይቻላል፣ ከጸጉር በቀጠነ ልክ ነው የሚለካው፣ እና ሦስት ካዲላኮች ለንደን ላይ ለዳኞች ቀረቡ። ዳኞቹ ሦስቱንም አስፈቱ። እስከ መጨረሻዋ ብሎን። ከዚያ ክምሩን ቀላቀሉት፣ የማን የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ አድርገው አደባለቁት፣ ጥቂቱንም ከመጋዘን በመጣ ሌላ ብረት ተኩት፣ እና ለመካኒኮቹ እንግዲህ ግጠሙ አሏቸው፣ ቁልፍና ካቻቢቴ ብቻ፣ ሞረድ ክልክል ነው። ሞረድ ክልክል ነው እማ! ገጠሙ። ሦስቱም ተነሱ፣ ሦስቱም አምስት መቶ ማይል ሮጡ፣ ዳኞቹም ሽልማቱን ሰጡ፣ ካዲላክ የዓለም መለኪያ የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ይኼን ነው። እኔ ግን ሳነብ የቆምኩት ሌላ ቦታ ላይ ነው። መኪናዎቹ ቀለማቸው የተለያየ ነበር፣ ስለዚህ ተገጣጥመው ሲወጡ የአንዱ ኮፈን ከሌላው አካል ጋር፣ የሌላው ፓራፋንጎ ከሦስተኛው በር ጋር፣ እንደ ቀልደኛ ልብስ ተዥጎርጉረው ነው የሮጡት። ሞተሩ አላወቀም። መንገዱ አላወቀም። የሚያይ ዓይን ግን ያውቃል፣ ይኼ የዚያኛው ነው ይላል።

ለአሜሪካ የታጨው እኮ ቼንሱ ነበር። ይኼን ሳልቩ ለማንም ተናግሮ አያውቅም፣ ለኦቲስም ቢሆን። አጎታቸው ከዲትሮይት ዋስ የሆነው ለአንድ ልጅ ነው፣ ያ ልጅ ታላቁ ነበር፣ ካፖርት ተሰፍቶለት፣ አባታቸው በነጭ ቀለም ሻንጣው ክዳን ላይ ስሙን ጽፎለት፣ ጎረቤት ሁሉ ስሞ ሸኝቶት፣ ከዚያ ቫሌታ ላይ ደረቱን በራጅ ሲያዩት ጥላ ተገኘበት። ቼንሱ ሻንጣውን ተሸክሞ በእግሩ ተመለሰ። አጎትየውም ሲሰማ አንዲት መስመር ጻፈ፦ እንግዲያው ሌላኛውን ላኩት። ሌላኛው ሳልቩ ነበር። በቼንሱ ካፖርት፣ በቼንሱ ሻንጣ መርከብ ላይ ወጣ፣ ካፖርቱ ትከሻው ላይ ሰፋው፣ ወደቡ ላይ እናቱ በነጭ መሐረብ ታውለበልባለች፣ ቼንሱ አጠገቧ ቆሞ ያስላል፣ ሻንጣው አሁንም አልጋው ሥር አለ፣ እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል፣ እጁን ዘረጋ፣ ነካው፣ አቧራ ነው። ታዲያ ማነው የተሳሳተው? አሮጊቷ ናት? በመጀመሪያው ዕቅድ የሚሄደው ቼንሱ፣ የሚቀረው ሳልቩ ነበር። እሷ ምናልባት ፈታታ መልሳ በትክክል ገጥማቸዋለች። አይሆንም ግን፣ ስሜ የኔ ነው፣ ሌላ ምን አለኝ፣ ልነግራት ነው፣ ትጩህ፣ አንዴ ጮሃ ትወቀኝና…

ስልኩ ጮኸ።

«ማልታን አግኝተናል ጌታዬ» አለች የስልክ ቤቷ ልጅ፣ አፏ ውስጥ ማስቲካ አለ። «ወይዘሮ ካታሪን መስመር ላይ ናቸው። ማን ልበል?»

ሳልቩ አፉን ከፈተ።

«ጌታዬ? ማን ደወለ ልበላቸው?»

ከወዲያ ማዶ፣ ከልጅቷ ድምፅ ኋላ፣ አንድ ሰው ያስላል። የድንጋይ አቧራ ሳል። ቼንሱ እስትንፋሱን ይዞ እየጠበቀ እንደሆነ ሳልቩ አወቀ።

«ቼንሱ» አለ። «ቼንሱ ነው በያቸው።»

«ሚስተር ቼንሱ ይፈልጉዎታል፣ ይነጋገሩ» አለችና ጠፋች።

«ቼንሱ?»

«አዎ እማ።»

«አንተ ድንጋይ! አንተ የማርያም ጠላት! እናት የለህም?»

«አለችኝ እማ።»

«ትበላለህ?»

«እበላለሁ።»

«ምን?»

«ሾርባ።»

«የቆርቆሮ?»

«የቆርቆሮ።»

«ውሻም አይበላው። ስማ፣ ወንድምህ መጥቷል፣ አልነገሩህም?»

«ነግረውኛል።»

«ተለውጧል የኔ ልጅ። እጁ እንደ ድንጋይ ሻክሯል፣ ያ ካዲላክ ነው እንዲህ ያደረገው። ጸጉሩም ሄዷል። ግን እሱ ነው፣ እናት ልጇን ትስታለች?»

«አትስትም እማ።»

«ቆይ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እሱ እንዳይሰማ።» ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት ከፍ አደረገች፣ ጆሮዋ ካልሰማ ቆይቷል። «አንተ እዚህ ሳለህ፣ እግሬን ስታጥበኝ፣ በማንኪያ ስታጎርሰኝ፣ እኔ በትከሻህ ላይ አሳልፌ መንገዱን ነበር የማየው። ሳልቩን ነበር የምጠብቀው። አንተን እያየሁ እሱን ስፈልግ ኖርኩ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳልቩ በሆንክ ብያለሁ። ታውቅ ነበር አይደል?»

ሳልቩ የቼንሱን ሳል ሰማ። ከዚያ ሳሉም ቆመ። ይህን ሁሉ ዓመት ሊሰማ የፈለገው ቃል ይኸው በጆሮው ገባ፣ ስሙም ከአፏ ወጣ፣ አንዴ አይደለም ደጋግሞ ወጣ፣ ግን ቼንሱ እዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ደግፎላት ይሰማል፣ የያዘው እሱ ነው፣ ሽቦውን የጎተተው እሱ ነው።

«ይቅር በለኝ ቼንሱ» አለች ካታሪን። «በዚህ ሸክም ልሙት?»

ይቅር ብል ምን ችግር አለው፣ አሰበ፣ አንዲት ቃል ናት፤ ግን የኔ አይደለችም፣ ከመጋዘንም አትወጣም፣ ይቺ አንዲት ብረት የሌላ ሰው ናት።

«እማ፣ አጠገብሽ ያለውን ሰው እጁን ያዢው።»

«ሳልቩን?»

«አዎ፣ እሱን። ያዝሽ?»

«ያዝኩ። በርዶታል መሰለኝ።»

«እሱን ጠይቂው። እሱ ይቅር ካለሽ እኔም ብያለሁ።»

ስልኩ ትራስ ላይ ሲወርድ ሰማ፣ የጨርቅ ድምፅ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ የእናቱ ድምፅ፦ «ሳልቩዬ፣ ይቅር ትለኛለህ ወይ? ቼንሱ አንተን ጠይቂ አለኝ።» ከዚያ ቼንሱ፣ ታላቁ፣ እግሯን ያጠበው፣ በተሰበረ ድምፅ «ይቅር ብዬሻለሁ እማ» አለ። «ድሮ ነው ይቅር ያልኩሽ።»

«ይኸው» አለች ወደ ስልኩ ተመልሳ፣ እንደ ተራ ነገር። «ብሏል። አንተስ መቼ ነው የምትመጣ?»

«ቅዳሜ።»

«ና። ግን የሳልቩን አልጋ እንዳትነካብኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ለሱ ብዬ ያነጠፍኩት ነው። አንተ የራስህ አለህ፣ በመስኮቱ በኩል።»

«አልነካም እማ።»

«ካፖርትህን ልበስ።»

ከዚያ ስልኩ እጅ ቀየረ፣ የሻከረ መዳፍ ሲፋቅ ተሰማ። ቼንሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው መሰል ድምፁ ታፈነ። «ሳልቩ» አለ፣ በሹክሹክታ። «ሳልቩ… ቅዳሜ አውሮፕላን ማረፊያ እቆማለሁ። ሳልቩ፣ ትሰማኛለህ?»

ከኋላው አሮጊቷ ጮኸች። «ሳልቩ! ከራስህ ጋር ነው እንዴ የምታወራው?»

ቼንሱ ሳቀ ወይም አለቀሰ፣ መስመሩ ተቆረጠ፣ የቱ እንደሆነ አልታወቀም።

የብርሃኑ መስመር ከቁም ሣጥኑ ወርዶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ሳልቩ ተንበርክኮ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎተተ፣ ክዳኑን በእጅጌው ጠረገ፣ ከአቧራው ሥር የአባቱ ነጭ ቀለም ፊደል በፊደል ወጣ፣ ተሰነጣጥቋል ግን ይነበባል፣ ቼንሱ ይላል። ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ስሙን ለራሱ አለው፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው ሲጠራህ እንደምትመልሰው አድርጎ። ቼንሱ። አልሆነም። እንደገና አለው፣ አሁንም ሰፋው። ሦስተኛው ላይ፣ ያለ ሞረድ፣ ገጠመ።